ፊቷን ሳይሆን እግሯን እዩ

(በዓለም አቀፉ የዳንስ ቀን ለወጣት ተወዛዋዦችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ! አልሰማሁም፤ እስቲ ጠንከር አድርጋችሁ መልሱልኝ። እንደምን አመሻችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን።

ከፊት የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በመምጣታችሁ አመሰግናችኋለሁ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ስወጣ አባቴ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛ ጊዜም አልነበረም። ሳያየኝ ነው የሞተው። ስለዚህ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ አባት ቁጭ ብሎ ሳይ ሆዴ ይባባል።

ልጆቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የደቡብ ህንድ ተዋናይትና ዳንሰኛ ነው። ስሟ ሾባና ይባላል። አዘጋጆቹ ይህን ስነግራቸው «ከኛው ሰው ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። አልጠፋም። ስለኛዎቹ እናቶቻችን ደግሞ ሌላ ቀን ሙሉ ቀን ብትሰጡኝ እናገራለሁ። ዛሬ ግን ይህችን ሴት የመረጥኩት አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው፤ ይህን ጥያቄ ይዤ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ዳንስ ለፊልም ጌጥ ነው ወይስ የራሱ ቤት ያለው ሙያ? ካሜራው ሲዞር ብቻ ነው የምንደንሰው ወይስ ካሜራው ከሄደ በኋላም? ይህችን ሴት ስመለከት መልሱን በአፏ ሳይሆን በኑሮዋ ስትመልስ ነው ያየኋት።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። ከየት እንደመጣች፣ አንድ ፊልም ላይ ምን እንዳደረገች፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን እንደመረጠች። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እንዳትሳሳቱብኝ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። እኛ «የህንድ ፊልም» ስንል ሙምባይ የሚሠራውን የሂንዲውን ፊልም ማለታችን ነው። ያንን አይተን አልቅሰናል፣ ዘፈኑን ትርጉሙን ሳናውቅ ዘፍነናል። ደቡብ ህንድ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኬራላ በማላያላም፣ ታሚል ናዱ በታሚል፣ ሌሎቹም በቴሉጉና በካነዳ የየራሳቸው ቋንቋ፣ የየራሳቸው ፊልም፣ የየራሳቸው ኮከብ አላቸው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይማር አይሰማም። ሾባና በአራቱም ቋንቋዎች ተውናለች፤ በሂንዲና በእንግሊዝኛም ጨምራ። ከ200 በላይ ፊልም! እስቲ አስቡት፤ አንዲት ልጅ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሶማልኛም እየተዘዋወረች መሪ ተዋናይት ስትሆን። ቋንቋ ሲያልቅባት በምን ትናገራለች? በሰውነቷ አይደል?

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ግን ከኬራላ በፊት ደሴ ልውሰዳችሁ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ፣ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የህንድ መምህራን ነበሩ። እዚህ ያላችሁ ታላላቆቼ ታስታውሳላችሁ። ከእነሱ ብዙዎቹ የኬራላ ሰዎች ነበሩ። እኔንም ሂሳብ ያስተማረችኝ የኬራላ ሴት ናት። «ሚስ» ነበር የምንላት። የደሴ ብርድ አልቻላትም፤ በሳሪዋ ላይ የወንድ ኮት ደርባ፣ ነጠላ ጫማዋን በወፍራም ካልሲ አድርጋ ትመጣ ነበር።

አንድ ቀን ትንሹ የጋራ ብዜት የሚባለው ትምህርት አልገባን አለ። ጠመኔውን አስቀመጠችው። ክፍሉን ለሁለት ከፈለችው። ለግማሹ «ታ ኪ ታ፣ ታ ኪ ታ እያላችሁ አጨብጭቡ» አለች፤ ሦስት ሦስት ማለት ነው። ለግማሹ ደግሞ «ታ ካ ዲ ሚ፣ ታ ካ ዲ ሚ»፤ አራት አራት። አብረን ጀመርን፣ ተለያየን፣ ተምታታ፣ ተረባበሽን፤ ከዚያ ልክ አሥራ ሁለት ምት ሲሞላ ሁለታችንም እንደገና አንድ ላይ «ታ!» ብለን ገጠምን። የሦስትና የአራት ትንሹ የጋራ ብዜት አሥራ ሁለት! እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኛ የወሎ ልጆች ደግሞ ሦስት ሦስቱ አልከበደንም፤ ችክችካችን እዚያ ውስጥ ነበራ! ትከሻችን ከጭብጨባው ቀድሞ ነው የሄደው። ሚስ አየችንና ሳቀች፤ ያን ቀን ነው እሷም ዳንሰኛ እንደነበረች የነገረችን።

በዚያው ዓመት በወላጆች ቀን ኮቷን አውልቃ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ሳሪዋን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ደነሰች። የእግር ቃጭል አልነበራትም። የእግሯ መዳፍ ሲሚንቶውን ሲመታው የሚሰማው ጥፊ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ የማውቀው ዳንስ ከትከሻ የሚነሳ ነው፤ የሷ ከመሬት ነው የሚነሳው። ከዚያ በኋላ ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶ አሳየችኝ። ሦስት እህትማማቾች፤ ላሊታ፣ ፓድሚኒ፣ ራጊኒ። «የትራቫንኮር እህትማማቾች» ይባላሉ፣ በአገራችን የማያውቃቸው የለም አለችኝ።

እነዚህ ሦስቱ የሾባና አክስቶች ናቸው።

መካከለኛዋ ፓድሚኒ በ1932 ነው የተወለደችው፤ ያኔ ትሪቫንድረም ይባል በነበረው በዛሬው ቲሩቫናንታፑራም። በ1948 የታላቁ ዳንሰኛ የኡዳይ ሻንካር ፊልም ላይ ታየች፤ ከዚያ በታሚል፣ በማላያላም፣ በሂንዲ፣ የት ያልደረሰችበት አለ? በ1958 በአንድ የታሚል ፊልም ከሌላዋ ዳንሰኛ ከቫይጃያንቲማላ ጋር ያደረገችው የዳንስ ፉክክር እስከ ዛሬ ይታያል። በ1961 ሐኪም አግብታ አሜሪካ ሄደች። አለቀ በቃ፣ ቀረች ሲሉ ተመልሳ በ1968 በሕይወቷ ትልቁን የዳንሰኛ ገጸ ባሕርይ ተጫወተች። በ1977 ደግሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈተች። ልብ በሉ፤ ፊልም ሄደ መጣ፣ ዳንሱ ግን አብሯት ተሻገረ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን እናቶችና አባቶች በጣም እንድታዳምጡኝ እፈልጋለሁ። ይህ እነ ፓድሚኒ ይደንሱት የነበረው ባራታናትያም የሚባለው ዳንስ ሁልጊዜ የተከበረ እንዳይመስላችሁ። በታሚል አገር ትውልድ በትውልድ ይህን ዳንስ ይዘው ያቆዩት ለቤተ መቅደስ የተሰጡ ሴቶች ናቸው። በንጉሥም ፊት ይደንሱ ነበር። ዘመን ሲለወጥ ስማቸው ከዝሙት ጋር ተያያዘ። ቤት ያላቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ከዚያ አካባቢ አሸሹ። በ1935 ሩክሚኒ ዴቪ የምትባል የትልቅ ቤተሰብ ሴት አደባባይ ወጥታ ስትደንስ አገር ጉድ አለ። በዓመቱ ማድራስ ላይ ትምህርት ቤት አቋቋመች፤ እስከ ዛሬ አለ። በ1947 ደግሞ ሴቶችን ለቤተ መቅደስ መስጠትን የሚከለክል ሕግ ማድራስ ላይ ወጣ።

እኔ እዚህ ላይ ሐሳቤን ልናገር። ሕጉ ልጆችን ከመከራ አድኗል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዳንሱን ተሸክመው ያመጡት ሴቶች መድረክ አጡ፣ እንጀራ አጡ፤ ጭብጨባው ለሌሎች ሆነ። ይህ ያንገበግበኛል። ለምን ያንገበግበኛል? አባቴ ያለኝን ስለማስታውስ ነው። «አዝማሪ ልትሆኚብኝ ነው?» ነበር ያለኝ። አዝማሪ! ሰርጉን የሚያደምቅለት፣ ለቅሶውን የሚያለቅስለት፣ ታሪኩን በማሲንቆ የሚያቆይለት ሰው፤ ልጁ ስትሆን ግን ውርደት። እኛ ቤት አዝማሪ ሲመጣ በር ላይ ተቀምጦ ነበር የሚበላው። እኔ በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ስለዚህ የእነዚያ የታሚል አገር ሴቶች ነገር ለእኔ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሾባና በ1970 ስትወለድ ግን አክስቶቿ መንገዱን ጠርገውታል። ዳንስ በቤቷ የሚያሳፍር አልነበረም። ዛሬ ቼናይ በሚባለው በማድራስ፣ ቺትራ ቪስዌስዋራን ከሚባሉ ትልቅ መምህርት ዘንድ ተማረች። በ14 ዓመቷ፣ በ1984፣ በማላያላም ፊልም መሪ ተዋናይት ሆነች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት አላራዝምባችሁም፤ ፊልም በፊልም ላይ ነው። ከደቡቡ ታላላቅ ወንድ ኮከቦች ጎን፤ ከሞሃንላል ጋር፣ ከማሙቲ ጋር፣ በ1988 በቴሉጉ ከቺራንጂቪ ጋር፣ በ1991 በታሚል ከራጂኒካንት ጋር። በብዙዎቹ ፊልሞች ድምፁ የሷ አይደለም። እዚያ አገር ሌላ ሴት ድምፅ ትሰጣለች፤ የተለመደ አሠራር ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ አዘንኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ድምፅሽን ወስደውብሽ ምን ይቀርሻል? ዓይንሽ፣ አንገትሽ፣ ጣትሽ። ድምፅ የተወሰደባት ልጅ በሰውነቷ መናገርን አጠበቀች።

ሁለተኛው ነጥቤ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ፊልሙ «ማኒቺትራታዙ» ይባላል። ያጌጠ ቁልፍ ማለት ነው። በ1993 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው የወጣው፤ ዳይሬክተሩ ፋዚል ነው። ስንቶቻችሁ ናችሁ «ቡል ቡላያ» የሚባለውን የሂንዲ ፊልም ያያችሁ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ! ግማሹ አዳራሽ። ያ የ2007ቱ ፊልም ከዚህኛው የተቀዳ ነው። ከዚያ በፊት በ2004 በካነዳ፣ በ2005 በታሚል ተሠርቷል። ምንጩ ግን ይህ የኬራላው ነው፤ ምንጩ ላይ ያለችውም ሾባና ናት።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጋንጋ የምትባል ወጣት ሚስት ከባሏ ጋር ወደ ቤተሰቡ ያረጀ ትልቅ ቤት ትመጣለች። በዚያ ቤት የተቆለፈ ክፍል አለ። ከብዙ ዓመት በፊት የቤቱ ጌታ ከታሚል አገር ከታንጃቩር ያመጣት ናጋቫሊ የምትባል ዳንሰኛ ነበረች። ልቧ ግን ሌላ ዳንሰኛ ጋ ነበር፤ ጌታው ገደላት። ጋንጋ ቁልፉን ታስከፍታለች፤ ቀስ በቀስም በሐሳቧ ያቺን የሞተች ሴት ትሆናለች። ሞሃንላል የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ይመጣል። አስተውሉ፤ የኛ ሰው «ዛር ነው» የሚለውን ነገር ፊልሙ እንደ ሕመም ነው የሚያየው፤ ሴትዮዋንም አያዋርዳትም።

አንድ ትዕይንት ልግለጽላችሁ። ጋንጋ ገበያ ልትወጣ ተዘጋጅታለች። ባሏ መሄድ የለብሽም ይላታል። እንደ ዋዛ ነው የሚላት። እሷም እንደ ዋዛ ነው የምትሰማው፤ መጀመሪያ ላይ። ከዚያ ቅንድቧ... እዩኝ እስቲ፣ እኔ እንደሷ አልችልም ግን እዩኝ... ቅንድቧ ይነሳል፣ ዓይኗ ይፈጣል፣ አንገቷ ከትከሻዋ ላይ የተነቀለ ያህል ቀጥ ይላል። ቋንቋዋ ከማላያላም ወደ ታሚል ይዞራል፤ ወደ ሟቿ ሴት ቋንቋ። በአንድ እጇ ትልቁን አልጋ ታነሳዋለች። በአንድ እጅ! ባሏ ስሟን ጮኾ ሲጠራት ደግሞ ናጋቫሊ እንደ ጥላ ጥላት ትሄዳለች፤ ጋንጋም ምን ሆንክብኝ ብላ ትጠይቀዋለች። እሷ ምንም አታውቅም።

ያን ትዕይንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሌሊት ነው፤ የልጄ ኮምፒዩተር ላይ። ትርጉም የለው፣ ጽሑፍ የለው። አንድ ቃል አልሰማሁም። ተነስቼ መብራት አበራሁ፤ ቀልቤ ተገፎ ነበር። ከዚያ እንደገና አየሁት። እንደገና። ምን ነበር የፈለግኩት? ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ። ከሜካፕ አይደለም፣ ከጩኸት አይደለም። አራተኛ ጊዜ ሳየው ገባኝ። ፊቷ ከመለወጡ በፊት አቋቋሟ ነው የተለወጠው። ክብደቷ ወደ ታች ወረደ። ጋንጋ እንደ ማንኛውም ሰው ቆማ ነበር፤ ናጋቫሊ ግን እንደ ዳንሰኛ ቆመች።

እስቲ እናንተ ከፊት ያላችሁት ልጆች፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ ተነሱልኝ። አዎ፣ አንቺም ነይ። ተረከዝ ለተረከዝ ይጠጋ፣ ጣቶች ወደ ውጭ። አሁን ጉልበታችሁን ወደ ጎን ከፍታችሁ ግማሽ ተቀመጡ። ወገብ ቀጥ! ቂጥ ወደ ኋላ አይውጣ! ይህ አራይማንዲ ይባላል። የባራታናትያም ሁሉ ነገር ከዚህ ነው የሚነሳው። እንደዚህ ሆነው መሬቱን በሙሉ የእግር መዳፍ ይመቱታል፤ ከላይ ደግሞ እጃቸው ያወራል። ለአንድ እጅ ብቻ 28 ምልክት አለ፤ በአንዱ አበባ፣ በሌላው አጋዘን፣ በሌላው ባንዲራ። ፊት ደግሞ ያንን ተከትሎ ይናገራል። እ? ጭናችሁ ተንቀጠቀጠ? ግማሽ ደቂቃ አልሞላም እኮ! ተቀመጡ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እነዚያ ልጆች ይህን ዓመታት ነው የሚቀመጡት፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሙዚቃ የለ፣ መብራት የለ፣ መምህሯ በእንጨት ዱላ ጣውላውን ስትመታ ብቻ።

አሁን የዘፈኑን ትዕይንት አስቡ። ጋንጋ ሙሉ በሙሉ ናጋቫሊ ሆናለች። ሌሊት ነው። በሐሳቧ ቤተ መንግሥት ውስጥ ናት፤ ወርቅ አጥልቃ፣ ቃጭል አስራ፣ የምትወደው ዳንሰኛ አጠገቧ። ካሜራው ግን እየተመላለሰ እውነቱን ያሳየናል፤ ጨለማ ክፍል፣ ፀጉሯ የተበተነ፣ ኩሏ በፊቷ ላይ የፈሰሰ ብቻዋን የምትደንስ ሴት። ሁለት ሴት፣ አንድ ዳንስ። እርምጃው አንድ ነው፤ ምቱ አንድ ነው፤ ግን አንዷ በደስታ ነው የምትመታው፣ ሌላዋ በበቀል። ይህን የዳንስ መሠረት የሌላት ተዋናይት ማድረግ ትችላለች? ሌሎቹ ፊልሞች ላይ የተጫወቱት ሴቶች ጎበዞች ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ፤ የሂንዲዋ ቪዲያ ባላን በጣም ደክማበታለች። ለእኔ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። እነሱ የተቆጣች ሴት ሆነው ደነሱ። ሾባና ዳንሰኛ ሆና ተቆጣች።

ደግሞም ማንን እንደተጫወተች አስቡልኝ። የታንጃቩር ዳንሰኛ! ጌታ እንደ ዕቃ ያመጣት፣ እንደ ዕቃ የሰበራት ሴት። ቅድም የነገርኳችሁ፣ ዳንሱን አቆይተው መድረክ ያጡት ሴቶች፤ የእነሱ እህት ናት። በእነሱ ዳንስ የተከበረች ሴት ልጅ መጥታ፣ ቁጣቸውን በአደባባይ ተቆጣችላቸው። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን አስበውት ይሁን አይሁን እኔ የማየው ይህን ነው፤ ሳየውም አንጀቴ ይላወሳል።

ለዚህ ሥራ ሾባና የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማትን በምርጥ ተዋናይትነት ወሰደች። በአገሩ ከዚያ በላይ የትወና ሽልማት የለም። 24 ዓመቷ አካባቢ ናት።

አሁን ሦስተኛው ነጥብ። ልጆቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አገር ስምሽን እየጠራ፣ አዘጋጅ ሁሉ ደጅሽ ተሰልፎ፣ ዕድሜሽ ገና! ማስታወቂያው አለ፣ ገንዘቡ አለ። እሷ ምን አደረገች? በ1994 ቼናይ ውስጥ «ካላርፓና» የሚባል የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈተች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፊልሙን እየቀነሰች፣ እየቀነሰች፣ ጊዜዋን ለልምምድ አዳራሽ ሰጠች። ያን ግማሽ መቀመጥ ለትንንሽ ልጆች ማስተማር። ታ ካ ዲ ሚ። አክስቷ ፓድሚኒ ኒው ጀርሲ ያደረገችውን አስታወሳችሁ? ያዙልኝ ያልኩት ይህንን ነው።

ፊልምን ጠልታ አይደለም። የወደደችው ሲመጣ ትመጣለች። በ2002 ሬቫቲ የምትባል ሌላዋ የደቡብ ተዋናይት ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይሬክተር ሆና፣ የሙያ ቡድኑን በሴቶች ሞልታ የሠራችው የእንግሊዝኛ ፊልም ነበር፤ ሾባና እዚያ ላይ አሜሪካ የሚኖሩ የህንዳውያን ቤተሰብ እናት ሆነች። ሁለተኛውን ብሔራዊ ሽልማት ወሰደች! ከዚያ ተመልሳ ወደ ተማሪ ልጆቿ። ለምሳሌ በ2013 አንድ፣ በ2020 አንድ። በ2025 ደግሞ፣ በ55 ዓመቷ፣ እንደገና ከሞሃንላል ጋር፤ የታክሲ ሾፌር ሚስት ሆና፤ ኬራላ ሲኒማ ቤቱን ሞላው። በዚያው ዓመት መንግሥት ፓድማ ቡሻን የሚባለውን ከፍተኛ ኒሻን ሰጣት። በ2006 ፓድማ ሽሪ የሚባለውን ሰጥቷት ነበር። በመሃል በመሃሉ ያሉትን ባዶ የሚመስሉ ዓመታት ግን ተመልከቱ። ጋዜጣው «ጠፋች» ይል ይሆናል። አልጠፋችም። እየደነሰች ነበር።

ለምን ይህን ያህል እንደሚነካኝ ልንገራችሁና ወደ መጨረሻው ልሂድ። እኔ 19 ዓመት በአንድ ቲያትር ቤት ተወዛውዣለሁ። ስሙን አልጠራም። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ኃላፊ ቢሮው ጠራኝና «እህቴ፣ ለወጣቶቹ ቦታ ልቀቂ እንጂ» አለኝ። በለሰለሰ ቃል ነው ያለኝ፤ ሻይ እንኳ አዞልኛል። የማልጨርሰውን ሻይ ትቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አልተወዛወዝኩም። ሰርግ ላይ ሲጠሩኝ ወንበሬን ይዤ እቀራለሁ። ለምን? ዳንሱ የመድረኩ ነው ብዬ ስላመንኩ። መድረኩን ሲወስዱብኝ ዳንሱንም አብሬ አስረከብኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ነኝ ያስረከብኩት!

እሷን ሳያት ነው የተናደድኩት። በራሴ። በዚያ ሌሊት፣ በልጄ ኮምፒዩተር ፊት፣ ይህች ሴት ስንት ዓመቷ ነው አሁን ብዬ ፈለግኩ። በዚያን ጊዜ አርባዎቹ ውስጥ ናት፤ መድረክ ላይ ሙሉ ምሽት ትደንሳለች። በማግሥቱ ጠዋት ሳሎኔ ውስጥ ምንጣፉን ጠቀለልኩት። ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ታዘዘ። ያቺ ሳሎን ናት ዛሬ ይህን ያህል ልጅ የምሰበስብባት ክፍል የሆነችው፤ እናንተ ከኋላ የተቀመጣችሁት ተማሪዎቼ ምንጣፉን የት እንደምናስቀምጠው ታውቃላችሁ።

እናንተ ዛሬ ክሊፕ ትሠራላችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ትወዛወዛላችሁ። አልቃወምም፤ ጥሩ ነው፤ እኔም አያለሁ። ግን እለምናችኋለሁ፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አሥር ደቂቃ ቆዩ። ማንም በማያያችሁ ሰዓት ትከሻችሁ ምን እንደሚያውቅ ጠይቁት። እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተንም እለምናችኋለሁ፤ ልጃችሁ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ስትጠቀልል «ምን ልትሆኚ ነው?» አትበሏት። ቁጭ ብላችሁ እዩአት።

እሺ፤ ጊዜዬ እያለቀ ነው፤ አዘጋጁ እያየኝ ነው። የቀረኝን ጊዜ ለዘፈኑ ትዕይንት እሰጠዋለሁ፤ ጨርቁ ላይ ታዩታላችሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ስታዩት ፊቷ ይይዛችኋል፣ የፈሰሰው ኩል ይይዛችኋል። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ነው የማሳያችሁ። መጀመሪያ ፊቷን ተዉት። እግሯን ብቻ እዩ። ካሜራው እግሯን ባያሳይ እንኳ ወገቧ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እዩ፤ ዝቅ እንዳለ ሳይነሳ ስንት ምት እንደሚቆይ ቁጠሩ። ቅድም ጭኗ የተንቀጠቀጠው ልጅ፣ አዎ አንቺ፣ ወደ ፊት ነይ፣ አጠገቤ ቁሚ፤ አንቺ ነሽ የምትቆጥሪልን።

ሁለተኛ ጊዜ ስንጀምረው ደግሞ ፊቷን።

መብራቱን አጥፉልን።